ለሕፃኑ አዲስ አልጋ ወይስ ያገለገለ?

ዋጋ፦ ያገለገለው ያዋጣል። ሕፃን ቶሎ ስለሚያድግ ብዙዎቹ እንደ አዲስ ናቸው።

ድካም፦ አዲሱ ከነብሎኑና ከነመመሪያው ይመጣል። ያገለገለው ብሎን ከጎደለው ተዉት።

አደጋ፦ እዚህ ላይ ቆም በሉ። በአልጋው ጎን ባሉት ርብራቦች መካከል ያለው ክፍተት ከ6 ሴንቲሜትር ከበለጠ የሕፃኑ ሰውነት ሾልኮ ጭንቅላቱ ሊቀረቀር ይችላል፣ ስለዚህ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተት አልጋ አሜሪካ ውስጥ ከ2011 ጀምሮ መሸጡ ተከልክሏል፤ በነጻ ቢሰጧችሁም እባካችሁ አትቀበሉ። ፍራሹ ደግሞ ጠንካራና ልክክ ያለ ይሁን፣ ትራስ አያስፈልግም።

ከምታውቁት ሰው ከሆነና ምንም ካልጎደለው ያገለገለው ይበቃል፤ በተረፈው ገንዘብ አዲስ ፍራሽ ግዙ። ከየት እንደመጣ ካልታወቀ ግን፣ ወይም ለሚቀጥለውም ልጅ ካሰባችሁት፣ አዲሱ ይሻላል።