ቁራ ያባርራል ተብሎ የሚሸጠውን የድምፅ መሣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ በጓሯችሁ ቆስጣ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ሰላጣ ለምታለሙ ሁሉ ይህን የምጽፈው፣ ክረምቱ ከወጣ ጀምሮ በአንዳንድ ሱቆችና በቴሌግራም ገበያዎች በብዛት እየተሸጠ ያለ አንድ ዕቃ የብዙ ቤተሰብ ገንዘብ እየበላ ስላየሁ ነው። ዕቃው በፀሐይ ኃይል የሚሠራ፣ በሹል እግሩ መሬት ላይ የሚተከል ትንሽ ሣጥን ሲሆን፣ «ሰው በማይሰማው ረቂቅ ድምፅ ቁራን፣ ወፍን፣ ጦጣን፣ አይጥን፣ ፍልፈልንና ትንኝን ያባርራል» ይባልለታል። እኔ ያየሁት በ4,500 ብር የተገዛ ነው። ቁራንና ሌሎች ወፎችን በተመለከተ የተባለው ሐሰት መሆኑን የሚያሳየው ደግሞ ራሱ የመሣሪያው አሠራር ነው።

የሰው ጆሮ ሊሰማው የሚችለው የድምፅ ድግግሞሽ (ድምፁ በሰከንድ የሚርገበገብበት ብዛት) ጣሪያ 20,000 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ ሻጮቹ «ረቂቅ ድምፅ» የሚሉት ከዚያ በላይ ያለውን ነው። ወፎች ግን በዚህ ረገድ ከሰው ያነሰ እንጂ የበለጠ የመስማት ችሎታ የላቸውም። አብዛኞቹ አጥርተው የሚሰሙት ከ1,000 እስከ 4,000 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ሲሆን፣ ድግግሞሹ ከ10,000 ኸርዝ እያለፈ በሄደ መጠን ብዙዎቹ ጨርሶ አይሰሙትም። እኛ የማንሰማውን ድምፅ ቁራም አይሰማውም ማለት ነው። ውሻ እስከ 45,000 ኸርዝ ገደማ ይሰማል፤ ድመትና አይጥ ደግሞ ከዚያም በላይ ይሰማሉ። ስለዚህ ሣጥኑ በተተከለበት ጓሮ ቁራው በሰላም ሲለቅም፣ የሚረበሸው የግቢው ውሻ ሊሆን ይችላል። አይጥ ድምፁን ቢሰማም ምግብ እስካገኘ ድረስ ቶሎ ይለምደዋል። ከዚህም ሌላ እንዲህ ያለ ድምፅ በአየር ውስጥ ሩቅ ሳይሄድ ይደክማል፤ ቅጠልና አጥርም ያግደዋል።

ሽምብጥ አካባቢ ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት የገዙትን ሣጥን ከፍ ዝቅ አድርጌ አይቼዋለሁ። ከፊቱ ክብ ድምፅ ማጉያ፣ ከሥሩ እንቅስቃሴ የሚለይ ነጭ ጉልላት፣ ከኋላው ደግሞ ከ1 እስከ 5 ቁጥር የተጻፈበት ማዞሪያ አለው። በማሸጊያው ላይ የአምራቹ ስምም ሆነ አድራሻ የለም፤ የሚያወጣው ድምፅ ስንት ኸርዝ እንደሆነም አልተገለጸም። ማዞሪያው 1 ላይ ሲሆን ቀጭን ፉጨት ለሰው ጆሮ ይሰማል፤ ይህ ለቁራም ሊሰማው የሚችል ድምፅ ቢሆንም፣ ቁራ ብልህ ፍጥረት በመሆኑ ጉዳት የማያስከትልበትን ነገር በጥቂት ቀናት ውስጥ ለይቶ ያውቃል፤ ፉጨቱ ተርፎ የሚቀረው ለጎረቤት ነው። ደረታቸውና አንገታቸው ነጭ የሆነ፣ በከተማችን በየቦታው የምናውቃቸው ቁራዎች፣ የሣጥኑ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ፣ ከእሱ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ የቀላውን ቲማቲም እየወጉ ውሃውን ሲመጥጡ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2001 እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን ለሚያመርቱና ለሚሸጡ ከ60 በላይ ድርጅቶች፣ የሚሉት ሁሉ በሳይንሳዊ ማስረጃ መደገፍ እንዳለበት የሚያስጠነቅቅ ደብዳቤ ጽፎላቸው ነበር። ስለ ትንኝ የሚባለው ደግሞ በእኔ እምነት ከሁሉም የከፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ አንድ ጥናታዊ ግምገማ 10 የመስክ ሙከራዎችን መርምሮ፣ በድምፅ ትንኝ ያባርራሉ የሚባሉ መሣሪያዎች ከመነከስ እንደማያድኑ ደምድሟል። ወባ ባለበት በእኛ አካባቢ አንድ ቤተሰብ ይህን ሣጥን አምኖ አጎበሩን ቢያነሳ የሚከፍለው ዋጋ ከ4,500 ብር እጅግ የበለጠ ነው።

ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። ጎረቤቴ ዕቃው አልሠራም ብለው ሲመለሱ፣ ሻጩ «ገንዘብ አንመልስም፤ ይህን ግን በነፃ እንስጥዎት» ብሎ መርዝ የተለወሰ በቆሎ በፌስታል ቋጥሮ ሰጣቸው። ስም የለው፣ መመሪያ የለው፣ የተለወሰበት መርዝ ምን እንደሆነ የሚናገር ነገር የለው። ደግነቱ ከመበተናቸው በፊት ጠየቁኝ። እንዲህ ያለ ጥሬ በጓሮ ሲበተን ቁራውን ብቻ መርጦ አይገድልም፤ ዶሮ ይለቅመዋል፣ ዳዴ የሚል ሕፃን አንስቶ ወደ አፉ ያስገባዋል፣ የሞተውን ቁራ የበላ ድመትና ውሻም ሊመረዝ ይችላል። በከተማችን ዓሣ በሚራገፍበት አካባቢ የምናየው ትንሹ ጥንብ አንሳ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች መካከል የተመዘገበ ሲሆን፣ ለዚህ ካበቁት ምክንያቶች ዋነኛው መርዝ ነው። ጣናና ዙሪያው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል (ተፈጥሮው ተጠብቆ ሰው አብሮት የሚኖርበት አካባቢ) ሆኖ የተመዘገበ መሆኑንም መዘንጋት የለብንም። በሃይላንድ ጠርሙስ ተገልብጦ የሚሸጥ ፀረ ተባይም ያው ነው፤ ከተረጨ በኋላ ቆስጣው ስንት ቀን ቆይቶ መቀጠፍ እንዳለበት የሚነግራችሁ መለያ ከሌለው ለቤተሰባችሁ ማዕድ አይሆንም።

ቁራን በእርግጥ የሚያግደው ሽፋን ነው። ከቀርከሃ ወይም ከባሕር ዛፍ አጣና ቀለል ያለ ማቀፊያ ሠርታችሁ፣ ቀዳዳው ከ2 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ መረብ በደንብ ወጥራችሁ ብታለብሱት፣ ጠርዙንም በድንጋይ ብታስይዙት፣ መደቡ ይጠበቃል። በሐይቁ ዳር በርካሽ የሚገኘውን ቀጭን የናይሎን የዓሣ መረብ ግን አላልቶ መዘርጋት አይገባም፤ ወፎች ክንፋቸው ተጠላልፎ ተሰቃይተው ይሞቱበታል። ገና ለበቀለ ችግኝ የደረቀ ደንገል አሳስቶ መከለል ይበቃዋል። ለጦጣ መረብ ብቻ አይበቃም፤ ሰው መጠበቅ አለበት። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ የዓሣ (የቆረሶና የአምባዛ) ሆድ ዕቃ ማዳበሪያ ይሆናል ብሎ በመደቡ ላይ መበተን መቅረት አለበት፤ ቁራውን ወደ ጓሯችን የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነውና፣ ጠለቅ ባለ ጉድጓድ ተቀብሮ አፈር ይልበስ።

ዕቃውን የገዛችሁ ካላችሁ ደረሰኙን፣ ማሸጊያውንና የማስታወቂያውን ምስል ጠብቃችሁ አቆዩ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ፣ ዕቃውም መግለጫ እንዲኖረው ያስገድዳል፤ አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል። ስለዚህ ሻጩ ገንዘባችሁን አልመልስም ቢል እነዚህን ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ላለው የንግድ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመልክቱ፤ በግል ከመጨቃጨቅ ይልቅ ብዙ ሆናችሁ ብትቀርቡ አቤቱታው ክብደት ያገኛል። የተለወሰ ጥሬ ወይም መለያ የሌለው መርዝ የተሰጣችሁ ደግሞ ሽንት ቤት፣ ቱቦ ወይም ሐይቅ ውስጥ እንዳትደፉት፤ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ቆልፋችሁ የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያ አማክሩ። ሰው ነክቶት ወይም ቀምሶት ምራቅ ማዝረብረብ፣ ማስመለስ ወይም መንቀጥቀጥ ካሳየ፣ ወተት አጠጥቶ ለማየት ጊዜ ሳታጠፉ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት አድርሱት፤ ሐኪሙ የመርዙን ዓይነት እንዲገምት ፌስታሉን ወይም ጠርሙሱን ይዛችሁ ሂዱ።