ለ1873ቱ ዊንቸስተር ጥይት መልሶ መሙላት፦ ከአንድ ዓመት በላይ የተጠቀምኩበት ፕሬስ

ሮክ ቸከር ሱፕሪም የተባለውን የጥይት መሙያ ፕሬስ እዚህ ኮሎራዶ ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ ስሠራበት ቆይቻለሁ። የምሞላው ከባለቤቴ አባት በውርስ ለደረሰንና በ1889 እ.ኤ.አ. ለተሠራ የዊንቸስተር ሞዴል 1873 ጠመንጃ ነው። ቃታውን ከቦ ያለውን ማንሻ ወደ ታች ገፍተው ሲመልሱት የሚያቀባብለው ይህ ጠመንጃ 44-40 የሚባለውን ጥይት ይጎርሳል፤ በመጀመሪያ አሞላሉም ጥይቱ 40 ግሬን (2.6 ግራም ያህል) ጥቁር ባሩድ ይይዝ ነበር። ዘመኑን ለመገመት የእኛው ውጅግራ በፈረንሳይ ጦር የተመረጠው በ1874 እ.ኤ.አ. መሆኑን ማስታወስ ይበቃል፤ እሱም የጥቁር ባሩድ ጠመንጃ ነው።

ራሴ መሙላቱን የመረጥኩት በዋጋ ምክንያት ብቻ አይደለም። የ1873ቱ መዝጊያ የሚያዘው እንደ ጉልበት በሚታጠፍና በሚዘረጋ መገጣጠሚያ በመሆኑ ከፍተኛ ግፊት አይችልም። ጆን ብራውኒንግ የነደፈው የ1892ቱ ሞዴል ያንኑ ጥይት ቢጎርስም አዘጋጉ እጅግ የጠነከረ ስለነበረ፣ በአንድ ወቅት ለእሱ ብቻ የታሰበ ኃይለኛ ጥይት ይሸጥ ነበር፤ እንዲህ ያለ አሮጌ ሣጥን እጁ የገባ ሰው በምንም ምክንያት በ1873ቱ ሊተኩሰው አይገባም። ሥራ ከመጀመሬ በፊት ጠመንጃውን ለባለሙያ አሳይቼ አስመርምሬያለሁ፤ ይህን ደረጃ ማንም እንዲዘለው አልመክርም። ለራስ መጠቀሚያ ጥይት መሙላት በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ፈቃድ የማይጠይቅ ሲሆን፣ ለሽያጭ ማምረት ግን ፈቃድ ይጠይቃል።

ፕሬሱ ከብረት ቀልጦ የተሠራ ከባድ ዕቃ ነው፤ ከጠረጴዛው ጋር በብሎን ከታሰረ በኋላ አይነቃነቅም። በአንድ ጊዜ አንድ ዳይ (ቀለሁ ተገፍቶ ሲገባበት ቅርፁን የሚያስተካክል የብረት ቅርጽ ማውጫ) ብቻ ስለሚይዝ ሥራው አዝጋሚ ነው፤ ለዚህ ጥይት ግን ዝግታው ይጠቅማል። የ44-40 ቀለህ አንገት በጣም ቀጭን በመሆኑ ትንሽ ጎንበስ ብሎ የገባ እንደሆነ የዳዩ አፍ ያጨማድደዋል፤ እጀታውን በቀስታ ስስብ ግን መጋጨቱ በእጄ ስለሚታወቀኝ ቀለሁ ሳይበላሽ አቆማለሁ። ከጽዳትና ከጥቂት ዘይት በቀር እስካሁን ምንም አልጠየቀኝም።

ያስቸገረኝ ለብቻው የገዛሁት የዳይ ስብስብ ነው፤ አምራቹን እዚህ አልጠራም። የቀለሁን አፍ የሚከፍተው ዘንግ የተቆረጠው ለ0.427 ኢንች አረር ነው። የድሮ ዊንቸስተሮች ግን የአፈሙዛቸው ስፋት አንዱ ከሌላው ይለያያል፤ ለስላሳ የእርሳስ ድቡልቡል በአፈሙዙ ውስጥ አሳልፌ በማይክሮሜትር ስለካው የእኔው 0.429 ኢንች ሆኖ ተገኘ። በዚህ ልክ የተዘጋጀ አረር በጠበበ አንገት ውስጥ ሲገፋ ጎኑ እየተላጠ ቀጭን የእርሳስ ቀለበት ከቀለሁ አፍ ላይ ይቀራል፣ አንገቱም ያብጥና ጥይቱ ወደ ጉሮሮው አልገባም ይላል። በልክ የተቆረጠ ወፈር ያለ ዘንግ ከአንድ የብረት ሠራተኛ ካሠራሁ ወዲህ ችግሩ ሙሉ በሙሉ ቀረ። ለዚህች ትንሽ ዘንግ የከፈልኩት ገንዘብ ለዒላማዬ ያመጣውን ለውጥ ሌላ ምንም ዕቃ አላመጣልኝም። የዳይ ሻጮች ይህን ልዩነት በማሸጊያው ላይ ሊጽፉት ይገባ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የባሩዱ ነገር ራሱን የቻለ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጥቁር ባሩድ በቀለሁ ውስጥ ከአረሩ በታች ባዶ ቦታ እንዲተው አይፈቀድም፤ አረሩ ሲቀመጥ ባሩዱን በመጠኑ ሊጫነው ይገባል። የዛሬው ቀለህ መቀመጫው ከጥንቱ ስለሚወፍር 40ውን ግሬን በቀላሉ አይወስድም፤ ስለዚህ የሚታመን የአሞላል መጽሐፍ ይዞ መሥራት እንጂ በስሙ ብቻ መመራት አደገኛ ነው። ጢም ብሎ የተሞላ ባሩድ ሌላም ጥቅም አለው፦ ጥይቶቹ ከአፈሙዙ ሥር ባለው ቱቦ ውስጥ ተደርድረው በሞላ ስለሚገፉ፣ አረሩ ወደ ኋላ እንዳይሰምጥ ከሥሩ ደግፎ ይይዘዋል። በዚያው ቱቦ ውስጥ የአንዱ አረር ጫፍ የሚያርፈው ከፊቱ ባለው ጥይት ፕራይመር (ሲመታ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው የቀለሁ መቀመጫ ላይ ያለ ክፍል) ላይ በመሆኑ፣ የምጠቀመው ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ ለስላሳ እርሳስ ብቻ ነው።

አረሩ የንብ ሰም ያለበትን ቅባት በብዛት የሚይዝ ሰፊ ጎድጓዳ ሊኖረው ይገባል፤ ቅባቱ ካነሰ ጥቀርሻው ወደ አፈሙዙ ጫፍ ሲጠጋ ይደርቅና አረሩ ዒላማ ይስታል። ከተኩስ በኋላ በአፈሙዙ ጫፍ ዙሪያ ቀጭን የቅባት ቀለበት ካየሁ ቅባቱ እስከ መጨረሻው እንደበቃ አውቃለሁ።

የጥቁር ባሩድ ጥቀርሻ እርጥበት ስለሚስብ ቀለሆቹን የዚያኑ ዕለት በሙቅ ውኃና በሳሙና አጥባለሁ፤ ካደሩ ነሐሱ ይጠቁራል። አፈሙዙም በሙቅ ውኃ ታጥቦ፣ በሚገባ ደርቆ ዘይት ይቀባል። ይህን ፕሬስ ለተመሳሳይ ጠመንጃ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ቢጠይቀኝ ያለማመንታት ግዛው እለዋለሁ፤ ግን አስቀድሞ የአፈሙዙን ስፋት ይለካ፣ ዳዩንም ሆነ አረሩን በዚያ ልክ ይዘዝ፣ ፕሬሱን የመጨረሻው ግዢ ያድርገው።