የጊታር ሶሎ፦ ከባንዱ ጋር ወይስ ለብቻው?

ፒያሳ አካባቢ ስቱዲዮ ለሚከራይ ባንድ፣ እዚያው የሚፈጠር ሶሎ (ጊታሪስቱ ጎልቶ ለብቻው የሚጫወተው ክፍል) መቅጃው መንገድ ሁለት ነው። እኔ አብሮ መቅዳቱን እመርጣለሁ። ጊታሪስቱ 5 ኖታ ባለው አንቺሆዬ ቅኝት ሲንሸራሸር ድራመሩ ሰምቶ ይመልስለታል፤ ቤዙም ቀለል ብሎ ቦታ ይለቅለታል። ይህን ጨዋታ በኋላ ማምጣት አይቻልም። ችግሩ የድራሙ ድምፅ የጊታሩ ማይክ ውስጥ መግባቱ ነው። ስለዚህ የተሳሳተች አንዲት ኖታ ቆርጦ ማረም ያስቸግራል። አምፑን (የጊታሩን ድምፅ ማጉያ) ሌላ ክፍል አስገብቶ ለሁሉም ሄድፎን መስጠት ግን ብዙውን ያቃልላል።

ሌላው መንገድ ባንዱ ቀድሞ ተቀድቶ ሶሎውን መደረብ ነው። ድምፁ ንጹሕ ነው፣ ደጋግሞ መሞከርም ይቻላል። ሲደጋገም ግን ጣት ወደለመደው ይሄዳል። የተቀዳ ድራም ደግሞ መልስ አይሰጥም። ሶሎው አስቀድሞ የተዘጋጀ ከሆነ መደረቡ አይጎዳውም።