ጃፓንኛ ሳያውቁ ወደ ጃፓን፦ ስልክ፣ የትርጉም መሣሪያ ወይስ ወረቀት?

ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገሩ ወጥቶ ወደ ጃፓን የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የሚጨነቀው «ምን ብዬ አናግራቸዋለሁ?» እያለ ነው። እኔ ግን ከንግግሩ ይልቅ ንባቡ እንደሚከብድ አምናለሁ። የባቡር ጣቢያዎች ስም በላቲን ፊደልም ይጻፋል፤ በቶኪዮ ሜትሮ (በከተማዋ የምድር ውስጥ ባቡር) ደግሞ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያንዳንዱ ጣቢያ ፊደልና ቁጥር ስላለው ቁጥሩን እየተከተሉ መጓዝ ይቻላል። የምግብ ዝርዝር፣ የመድኃኒት ማሸጊያና የልብስ ማጠቢያ መኪና ቁልፎች ግን ብዙ ጊዜ የሚጻፉት በጃፓንኛ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚገዛው ነገር በቅድሚያ መመዘን ያለበት ጽሑፍን በማንበብ አቅሙ ነው።

በዚህ ሚዛን ስልክ ይበልጣል። ጎግል ትራንስሌት በነፃ የሚገኝ ሲሆን ካሜራውን በጽሑፉ ላይ ሲያነጣጥሩት ትርጉሙን ያሳያል፤ የጃፓንኛውንና የእንግሊዝኛውን የቋንቋ ጥቅል ከመነሣትዎ በፊት ካወረዱ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። አማርኛንም ይተረጉማል፤ ሆኖም እንግሊዝኛ የሚችል ሰው በእንግሊዝኛ ቢጠቀም ይሻለዋል፤ በአማርኛ የሚጠቀም ደግሞ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን ይምረጥ፣ የወጣውንም ትርጉም መልሶ ወደ አማርኛ በማስተርጎም ያረጋግጥ።

እንደ ፖኬቶክ ያለው የትርጉም መሣሪያ ቁልፉን ተጭነው ሲናገሩ ተርጉሞ በድምፅ ይመልሳል፤ የስልክንም ባትሪ አይጨርስም። ስማርት ስልክ ለማይለምዱ ወላጆች ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን መሣሪያው ለመተርጎም ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ሁሉም ዓይነቱም ካሜራ የለውም። ለአንድ ጉዞ ብቻ ሲባል እንዲገዛ አልመክርም።

ለኢንተርኔት፣ ብቻዎን ከሆኑና ስልክዎ ኢሲም (ካርድ ሳያስገቡ በኢንተርኔት የሚጫን ሲም) የሚቀበል፣ ከአንድ የስልክ ድርጅት ጋር ያልተቆለፈ ከሆነ፣ ኢሲሙን ከቤት ሳይወጡ ገዝተው መጫን ይበጃል። ለቤተሰብ በናሪታ አውሮፕላን ማረፊያ የሚከራየው ተንቀሳቃሽ ዋይፋይ ይሻላል፤ ይሁንና ባትሪው በየዕለቱ መሞላት አለበት፣ መሣሪያውን የያዘው ሰው ከሌሎቹ ሲለይም የሁሉም መስመር ይቋረጣል። የጃፓን ኤሌክትሪክ 100 ቮልት፣ ሶኬቱም ለሁለት ጠፍጣፋ እግሮች የተሠራ በመሆኑ፣ ቻርጀርዎ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ካለ ማገናኛ ሶኬት ብቻ ይበቃዎታል።

ከሁሉ ርካሽ የሆነው ግን በጃፓንኛ የተጻፈ ወረቀት ነው፤ የሐረግ መጽሐፍ ከመግዛትም የሚሻል ይመስለኛል፤ መጽሐፉ ለመጠየቅ ቢረዳዎትም ሰዎች የሚሰጡዎትን መልስ አያስረዳዎትም። የሆቴሉን አድራሻ፣ የሚወስዱትን መድኃኒትና የማይበሉትን ምግብ በጃፓንኛ አጽፈው ይያዙ። በተለይ ለሚጾም ሰው «ሥጋ አልበላም» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ አትክልት ብቻ የሚመስለው ሾርባ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከደረቀ ዓሣ በሚወጣው ዳሺ በተባለ መረቅ ነው። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ሥጋ፣ ዕንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣ የማይበሉ ከሆነ ዓሣና ዳሺ፣ የአሳማ ሥጋና አልኮል የማይነኩ ከሆነም እነዚህ እያንዳንዳቸው በስማቸው ይጻፉ።