መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር የሚሆን ኢንዲ ጌም፦ ላፕቶፕ፣ ፒኤስ4 ወይስ ስዊች?

የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከብሎካችን ሥር ፕሌይስቴሽን ቤት አለ። ቅዳሜ ማታ የፊፋው ጩኸት እስከ በረንዳችን ይወጣል። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። ግን ከኳስ ጌም ውጪ ምን እንዳለ የነገራቸው ሰው የለም። ይሄ ሁሌም ይቆጨኛል። እንደኛ ከተማ ዳር ላለ፣ መብራቱም ኔትወርኩም ለሚቆራረጥበት ሰፈር፣ ከትልልቆቹ ጌሞች ይልቅ የሚስማሙት ኢንዲ የሚባሉት ትንንሾቹ ናቸው።

ኢንዲ ጌም ማለት ትልቅ ኩባንያ ሳይኖር አንድ ሰው ወይም ጥቂት ሰዎች ሆነው የሠሩት ማለት ነው። ስታርዲው ቫሊ የሚባለውን የእርሻ ጌም ኤሪክ ባሮን የሚባል ሰው ብቻውን ነው የሠራው። ሥዕሉንም፣ ሙዚቃውንም፣ ኮዱንም። አራት ዓመት ተኩል ገደማ ፈጀበት።

ባለፈው ሰሞን የጎረቤቴ ልጅ መጣና "ጋሼ፣ ያጠራቀምኳት ብር አለች፤ የቱን ልግዛ?" አለኝ። ይሄን ንጽጽር የጀመርኩት ለሱ ብዬ ነው። መጀመሪያ የጠየቅኩት ስለ ጌም አልነበረም። "እናንተ ቤት መብራት በሳምንት ስንቴ ይሄዳል?" ነው ያልኩት። የእኔ ምርጫ በሙሉ ከዚህ ጥያቄ ይነሳል።

(ጌሞቹ የወጡበትን ዓመት የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ ማሽኑ

ቤት ውስጥ ላፕቶፕ ካለ ሌላ ዕቃ ለመግዛት አትቸኩሉ። መብራት ሲሄድ ባትሪው ይይዛችኋል። ለስታርዲው ቫሊና ለሴሌስት 2 ጊጋባይት ራም ይበቃል። ሆሎው ናይት 4 ይፈልጋል (ጌሞቹን አንድ በአንድ ወደታች እናያቸዋለን)። ለትምህርት ወይም ለቢሮ ተብሎ የተገዛ ላፕቶፕ አብዛኞቹን ይችላቸዋል። አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ እዩ። ስቲም የሚባለው የኢንተርኔት ጌም መደብር ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ዊንዶውስ 7 እና 8ን አይደግፍም። ላፕቶፑ ዊንዶውስ 10 ወይም ከዚያ በላይ ከሌለው ቀድማችሁ አስጭኑ።

ስቲም ከኢትዮጵያ ሆናችሁ በራሳችሁ አገር አካውንት የምትከፍቱበት መደብር ነው። ዋጋው በዶላር ይመጣል። የገዛችሁት ጌም ካልተስማማችሁ፣ ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወታችሁና 14 ቀን ካላለፈ፣ ገንዘባችሁን ይመልሳል። ለእኛ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ላፕቶፑ ጌሙን ይችለው አይችለው እንደሆነ ሞክሮ ማየት የሚቻለው በዚህ ነው። ጎግ የሚባለው መደብር ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። የገዛችሁትን ጌም መጫኛ ፋይል አውርዳችሁ ሃርድ ዲስክ ላይ ታስቀምጣላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ለመጫንም ለመጫወትም ኢንተርኔት አይጠይቅም። እኔ መገናኛ አካባቢ ጥሩ ዋይፋይ ያለው ቦታ ቁጭ ብዬ አውርጄ ነው ይዤ የምመጣው። ስታርዲውም ሆሎው ናይትም እዚያ አሉ።

ፒኤስ4 በየሰፈሩ ያለ ዕቃ ነው። መለዋወጫው፣ ጆይስቲኩ፣ ጠጋኙ ቅርብ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው። ኢንዲ ለሚፈልግ ሰው ግን ሁለት ሳንካ አለበት። የፕሌይስቴሽን መደብር አካውንት ሲከፈት ከሚመጡት አገሮች መካከል ኢትዮጵያ የለችም። ስለዚህ ሰው የሌላ አገር አካውንት ይከፍታል። ያኔ የምትገዙት ጊፍት ካርድ የዚያው አገር መሆን አለበት። የአሜሪካ አካውንት ላይ የእንግሊዝ ካርድ አይሠራም። ብራቸው የቀለጠባቸው ሰዎች አውቃለሁ። ሁለተኛው መብራት ነው። ማሽኑ ባትሪ የለውም፤ በድንገት ሲጠፋ የያዛችሁት ሁሉ ይሄዳል። ሲመለስ "በትክክል አልተዘጋም" ብሎ ሃርድ ዲስኩን መፈተሽ ይጀምራል። ይሄ ሲደጋገም ሃርድ ዲስኩን ሊጎዳው ይችላል። ፒኤስ4 የሚገዛ ሰው የዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) ብር አብሮ ይያዝ።

አንድ ምክር ከደረሰብኝ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ያገለገለ ፒኤስ4 ገዛሁ። ሻጩ "ጌም ሞልቼልሃለሁ" አለኝ፤ ደስ ብሎኝ ወሰድኩት። ቤት ወስጄ ሳየው ሃክ የተደረገ ነው። ሶፍትዌሩ አሮጌ፣ መደብሩ ውስጥ መግባት የማይችል። አንዲት ኢንዲ ጌም ልገዛበት አልቻልኩም። ስለዚህ ብር ከመክፈላችሁ በፊት የፕሌይስቴሽን መደብር እዚያው ፊታችሁ እንዲከፈት ጠይቁ። በስልካችሁ ሆትስፖት ማብራት በቂ ነው።

ኒንቴንዶ ስዊች፣ ባትሪ ያለው በእጅ የሚያዝ የጌም ማሽን፣ ለእኛ ሰፈር የተፈጠረ ይመስለኛል። ይሄን የምለው ከልቤ ነው። መብራት ሲሄድ ምንም አይሆንም፤ በእጃችሁ ነው ያለው። ከ2019 ወዲህ የወጣው ስዊችና ኦሌድ የሚባለው፣ አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ባትሪው እንደ ጌሙ ከአራት ሰዓት ተኩል እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ይቆያል። ላይት የሚባለው ትንሹ ከ3 እስከ 7 ሰዓት። ፓወር ባንክ ላይም ይሰካል። ቁልፏን ተጭናችሁ ብታስተኙት ካቆማችሁበት ቦታ ይነሳል። ጌሙ ያለባት ቴምብር የምታክል ካርትሪጅ ስላለው ደግሞ፣ ለገና ከውጭ የምትመጣ አክስት ስታርዲው ቫሊን ወይም ሄይዲስን በቦርሳዋ ይዛላችሁ ትመጣለች። ክፍያ የለ፣ ዳታ የለ። ጉድለቱ ዋጋው ነው። እዚህ አገር ብዙ ስለማይገባ ውድ ነው፣ ጠጋኙም እንደ ፒኤስ4 በየቦታው የለም። የግራና የቀኙ የጆይስቲክ ዱላ ከጊዜ በኋላ ሳይነካ በራሱ መሄድ ሊጀምር ይችላል፤ ያገለገለ ስትገዙ ይሄን ፈትሹ። ላይት ደግሞ ቲቪ ላይ አይሰካም። ወንድም እህት ላለበት ቤት አልመክረውም።

ኤክስቦክስን በአጭሩ። ከአሜሪካ የመጣ የመጀመሪያው ኤክስቦክስ ዋን ከውጭ ያለው የመብራት ሳጥኑ ለ110 ቮልት የተሠራ ነው። በቀጥታ 220 ላይ ከሰካችሁት ይቃጠላል። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ የሚባለው ደግሞ ዲስክ ማስገቢያ የለውም፤ ሁሉንም ማውረድ ግድ ነው። እንደኔ ይቅርባችሁ።

ስታርዲው ቫሊ ወይስ ሆሎው ናይት?

ሁለቱም ሙሉ ዋጋቸው 14.99 ዶላር ነው። ሁለቱም በዓመት ደጋግመው በቅናሽ ይሸጣሉ። ብሩ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ስለሚወሰን እያንዳንዷ ዶላር ታማለች። ቅናሽ ጠብቁ።

ስታርዲው ውስጥ አያታችሁ እርሻ ትቶላችኋል። ትዘራላችሁ፣ ውሃ ታጠጣላችሁ፣ ዓሣ ታጠምዳላችሁ፣ ከመንደሩ ሰው ጋር ትዋደዳላችሁ። እማዬ ገጠር ነው ያደገችው። አንድ ቀን ከጎኔ ቁጭ ብላ አየችኝ። ዘር ስዘራ "አፈሩን ሳታለሰልስ?" አለችኝ። ክረምቱ ሲመጣ በረዶ ወርዶ እርሻው ባዶ ሲሆን በጣም ተገረመች። ለእሷ ክረምት ዝናብ ነው፣ የሚዘራበት ወቅት ነው። ለጌሙ ግን ደጅ ምንም የማይበቅልበት ሊባል የሚችል ወር ነው። ወቅቱ ሲቀየር ያልታጨደው አብዛኛው ሰብል እንደሚደርቅም እስካሁን ትነግረኛለች፤ "28ኛው ቀን ሳይደርስ እጨድ" እያለች። ከእናቴ ጋር የተጫወትኩት ብቸኛ ጌም ይሄ ነው።

አሁን ወደ መብራቱ። ስታርዲው የተጫወታችሁትን የሚያስቀምጠው (ሴቭ የሚያደርገው) ጌሙ ውስጥ ስትተኙ ብቻ ነው። አንዱ የጌም ቀን 14 ደቂቃ አካባቢ ይፈጃል። ስለዚህ ፒኤስ4 ላይ ሆናችሁ መብራት ቢሄድ የምታጡት ቢበዛ አንድ ቀን ነው። ያናድዳል፣ ግን አይገድልም። ላፕቶፕና ስዊች ላይ ጭራሽ አይነካችሁም። መጠኑ ደግሞ 500 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ነው። ከ2021 ጀምሮ ኮንሶል (እንደ ፒኤስ4 ያለ የጌም ማሽን) ላይም ቲቪውን ለሁለት ከፍሎ ሁለት ሰው አንድ እርሻ ላይ ማጫወት ይችላል።

ሆሎው ናይት ሌላ ዓለም ነው። ቲም ቼሪ የሚባሉ ጥቂት አውስትራሊያውያን አደሌድ ከተማ ላይ የሠሩት፣ በ2017 የወጣ። አንዲት ትንሽ ነፍሳት ሰይፏን ይዛ ከመሬት በታች የፈረሰ ግዛት ውስጥ ትወርዳለች። ዝምታው፣ ዝናቡ፣ የሩቁ ሙዚቃ… ማታ ሰፈሩ ሲተኛ በጆሮ ማዳመጫ መጫወት ነው። ከባድ ነው ግን። ስትሞቱ የያዛችሁትን ገንዘብ የሞታችሁበት ቦታ ትታችሁ ትመለሳላችሁ፤ ሄዳችሁ ሳትወስዱት ደግማችሁ ከሞታችሁ ቀረ። የሚያርፉበት አግዳሚ ወንበር አለ፤ ከዚያ ነው የምትጀምሩት። ወንበር ሳታገኙ ሃያ ደቂቃ ሄዳችሁ ፒኤስ4ው ቢጠፋባችሁ ማልቀስ ያምራችኋል። እኔን ደርሶብኛል። 9 ጊጋባይት መሆኑንም አስቡ።

ፒኤስ4 ያለ ዩፒኤስ ካላችሁ ስታርዲው። ባትሪ ያለው ማሽንና ትዕግሥት ካላችሁ ሆሎው ናይት። ተከታዩ ሲልክሶንግ በ2025 በ19.99 ዶላር ወጥቷል፤ ከመጀመሪያው ይከብዳል። በሱ አትጀምሩ።

ሴሌስት ወይስ ካፕሄድ?

ሁለቱም ደጋግሞ መሞት ያለባቸው ናቸው። ሴሌስት (2018) ላይ አንዲት ልጅ ተራራ ትወጣለች፤ ጭንቀቷ ደግሞ መልክ አውጥቶ ይከተላታል። ስትወድቁ በዚያው ቅጽበት እዚያው ስክሪን ላይ ትነሳላችሁ። ከከበዳችሁ ፍጥነቱን መቀነስ ወይም አለመሞትን መምረጥ ትችላላችሁ፤ ጌሙ በዚህ አይወቅሳችሁም። አንድ ጊጋ ተኩል እንኳ አይሞላም። ብቻውን ለሚጫወት ሰው በዓይኔ ከሁሉም የተሻለው ይሄ ነው።

ካፕሄድ (2017) በ1930ዎቹ የካርቱን አሣሣል፣ በእጅ እየተሣለ የተሠራ ነው። በሁለት ጆይስቲክ ሁለት ሰው አብሮ ይጫወተዋል። ቋንቋ አይጠይቅም ማለት ይቻላል። እያንዳንዱ ፍልሚያ ጥቂት ደቂቃ ስለሆነ መብራት ቢሄድ የሚጠፋው ትንሽ ነው። ለፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤቶች በተለይ ይሄን እመክራለሁ። ሰው ተሰብስቦ የሚያየው፣ የሚጮህበት ጌም ነው።

ሄይዲስ ወይስ ባላትሮ?

ሄይዲስ 15 ጊጋባይት ገደማ፣ ባላትሮ 150 ሜጋባይት። መቶ እጥፍ ልዩነት ነው። በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው ጥያቄው እዚህ ላይ ሊያልቅ ይችላል።

ሄይዲስ (2020) ግን ዳታው ይገባዋል። የግሪክ ተረት ውስጥ ያለ ልጅ ከአባቱ ቤት ከሲኦል ለማምለጥ ደጋግሞ ይሞክራል። በሞተ ቁጥር ሰዎቹ አዲስ ነገር ይነግሩታል። እንግሊዝኛ ማንበብ የሚወድ ልጅ ካላችሁ ሳያውቀው ቋንቋውን ያሻሽላል። የማይወድ ከሆነ ግማሹ ውበት ያመልጠዋል። የመብራት ነገርም ጥሩ ነው፤ ወደ አዲስ ክፍል በገባችሁ ቁጥር ይቀመጣል።

ባላትሮ (2024) የካርታ ጌም ነው። የፖከር እጅ እየሠራችሁ ነጥብ ትሰበስባላችሁ። በየሰፈሩ የውርርድ ቤት በበዛበት ጊዜ አንዳንድ ወላጅ ካርታ ሲያይ እንደሚደነግጥ አውቃለሁ። ጌሙ ውስጥ እውነተኛ ገንዘብ አይወራረድም። የአውሮፓ የዕድሜ ደረጃ አውጪውም መጀመሪያ 18 ብሎት የነበረውን በ2025 ወደ 12 አውርዶታል። ቢሆንም ቁማር ያስቸገረው ሰው ካለበት ቤት ባይገባ ይሻላል።

ኮንሶልም ላፕቶፕም የሌላችሁ አትከፉ። ባላትሮ ስልክ ላይ 9.99 ዶላር ነው፣ ስታርዲው 4.99። ቫምፓየር ሰርቫይቨርስ ስልክ ላይ ነጻ ነው፤ በአንድ ጣት ይጫወቱታል። የራሳችን ቅኔ ጌምስ የሠራውን ኩኩሉንም ሞክሩት፤ ከሚያሳድዷት የምታመልጥ ዶሮ ናት።

ክራክ (ሳይከፈልበት የተሰበረ ቅጂ) ማስጫን እዚህ የተለመደ መሆኑን አውቃለሁ። ትልልቆቹን ትቼ ስለ እነዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከጀርባቸው ትልቅ ኩባንያ ሳይሆን አንድ ሰው ወይም ጥቂት ሰዎች ናቸው ያሉት። በዚያ ላይ ስታርዲው ከወጣ ጀምሮ የሚጨመርለት ሁሉ በነጻ ነው፤ የገዛ ሰው ብቻ ነው እሱን በቀላሉ የሚያገኘው።

ለጎረቤቴ ልጅ የመረጥኩለት ይሄን ነው። የእህቱ ላፕቶፕ 4 ጊጋ ራም አለው፣ ዊንዶውስ 10። አዲስ ማሽን እንዳይገዛ ነገርኩት። በቅናሽ ሰሞን ስታርዲውን ወሰደ፣ በተረፈችው ብር ደግሞ ያገለገለ ጆይስቲክ በዩኤስቢ የሚሰካ ገዛ። ትናንት ማታ ብሎካችን በሙሉ ጨልሞ ሳለ በረንዳው ላይ የስክሪኑ ብርሃን ይታየኝ ነበር። "ጋሼ፣ ካሮቱ ደረሰ!" ብሎ ከታች ጮኸልኝ።