ባዶ እጄን የመለሱኝን ባለሙያ ላመስግን

ቤቴ ያለው ሙዚቃ ማጫወቻ ለሁለት ዓመት ያህል አንድ አመል ነበረው። ቮሊዩሙን ከፍ አድርጌ ባሱ መምታት ሲጀምር ውስጡ ቀጭ ይልና ድምፁ ይጠፋል። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ቀጭ ይልና ምንም እንዳልተፈጠረ ካቆመበት ይቀጥላል። ሰው በተሰበሰበበት ሲሆን ያሳፍራል። እኔም ብዙ ሳልመራመር ፈረድኩበት፤ ዋት አንሶታል አልኩ።

በዚሁ ፍርድ ተነሥቼ ቀደም ሲል አንድ ጊዜ ተሞኝቻለሁ። ካርቶኑ ላይ 1000 ዋት ተብሎ በጉልህ የተጻፈበት አምፕሊፋየር (ድምፁን አጉልቶ ለስፒከር የሚሰጥ ዕቃ) ገዝቼ ቤት ሳደርስ ዕቃው በአንድ እጅ የሚነሣ ሆኖ አገኘሁት። ከቁጥሩ ጎን በደቃቁ «ፒ.ኤም.ፒ.ኦ.» ይላል፤ ለቅጽበት ብቻ ይደረስበታል የሚባል የማስታወቂያ ቁጥር ነው። ጀርባው ላይ ደግሞ ከሶኬት የሚወስደው ኃይል 60 ዋት እንደሆነ ተጽፏል። ከሶኬት 60 እየተቀበለ 1000 የሚሰጥ ዕቃ ቢኖር ኖሮ የመብራት ኃይል ማመንጫዎች ሁሉ ሥራ በፈቱ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ከፊቴ አራቅሁት።

ሁለተኛ ልሸወድ ስል ነው አንድ ወዳጄ እኚህን ባለሙያ ያገናኘኝ። ዕድሜያቸውን አምፕሊፋየር ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ማስታወቂያ ስለማይወዱ ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ አድራሻቸውን የምትፈልጉ ለብቻ ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። «ጋሼ፣ 200 ዋት ያለው ጥሩ አምፕሊፋየር ይምረጡልኝ» ብዬ ስደውል «ስፒከርህን ሳላይ?» አሉኝና ዝም አሉ። በቀጠሯቸው ቀን መጡ፤ በቀጠሯቸው ሰዓት ግን አይደለም፤ ሁለት ሰዓት ዘግይተዋል። ይህን ጉድለታቸውን አሁኑኑ መንገር ይሻላል፣ ኋላ እንዳትታዘቡኝ።

እንደገቡ አምፕሊፋየሩን ዞር ብለው አላዩትም። ስፒከሩን አዙረው ጀርባውን አነበቡ፤ 6 ኦም (ለኤሌክትሪክ ፍሰት ያለው ተቃውሞ)፣ 86 ዴሲቤል (በ1 ዋት የሚያወጣው የድምፅ መጠን)። ከዚያም «ሁልጊዜ በምትሰማበት ልክ ክፈተው» አሉኝ። ከፈትኩ። ከቦርሳቸው አሮጌ ባለመርፌ ቴስተር አውጥተው ሁለቱን ጫፎች የስፒከሩ ሽቦ መግቢያ ላይ ያዙ። መርፌዋ 1 ቮልት አካባቢ ትርገበገባለች። «አሁን ስንት ዋት እየሰማህ ይመስልሃል?» አሉኝ። «50 ይሆናል» አልኩ በድፍረት። እርሳሳቸውን አውጥተው ካርቶን ላይ አሰሉት፤ ቮልቱ በራሱ ተባዝቶ ለ6 ኦም ሲካፈል 0.17 ዋት። አንድ ዋት እንኳን አልሞላም!

ተከራከርኳቸው። «ከበሮው ሲመታስ?» አልኳቸው። ጥያቄውን ወደዱት። ሙዚቃ ወጣ ገባ ስለሆነ ምቱ ሲመጣ ቮልቱ ለቅጽበት እስከ 10 እጥፍ ሊዘል ይችላል፤ ቮልት 10 እጥፍ ሲያድግ ኃይል 100 እጥፍ ያድጋልና 17 ዋት ያህል ይሆናል። «ይህ እንግዲህ ለአንተ ቤት ጣሪያው ነው፤ ጭፈራ ሲኖርብህ ትንሽ ጨምርበት» አሉ። ኃይል በእጥፍ ሲያድግ የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሮ «አሁን እጥፍ ጮኸ» እንዲል ደግሞ 10 እጥፍ ያህል ኃይል ያስፈልጋል። 100 ዋቱን በ200 የሚለውጥ ሰው ብዙ ከፍሎ የሚያገኘው ልዩነት ጆሮው በጭንቅ የሚለየውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣውን ናድ 3020 የተባለ አምፕሊፋየር ምሳሌ አድርገው አነሡልኝ፤ በወረቀት ላይ 20 ዋት ብቻ፣ ግን በዓለም ዙሪያ ስሙ የገነነ። የዋት ቁጥር ጨዋታ የቆየ መሆኑንም ነገሩኝ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አምራቾች ዕቃቸው ሳያቋርጥ ሊሰጥ የሚችለውን ኃይል እንዲገልጹ የሚያስገድድ ደንብ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው።

ታዲያ ለምን ይጠፋል? አምፕሊፋየሩን ከመደርደሪያው ሳብ አድርገው በስልካቸው መብራት ጀርባውን አዩት። ሌላው ክፍል ያስገባኋቸው ሁለት ስፒከሮችም ተቀጥለውበታል፤ ፊት ለፊት «ኤ» እና «ቢ» የሚሉት ቁልፎች ሁለቱም ተጭነዋል። ደቃቋን ጽሑፍ ጮክ ብለው አነበቡልኝ፤ ሁለቱ ጥንድ አብረው ሲሠሩ እያንዳንዱ ስፒከር ከ12 ኦም እንዳያንስ ይላል። የእኔዎቹ ሁሉም 6 ናቸው። ሁለት 6 ኦም ጎን ለጎን ሲገጠሙ 3 ይሆናሉ። ጀርባው ላይ የተጻፈው 6 ኦም ራሱ የስም ነው፤ አንዳንድ የባስ ድምፅ ላይ እስከ 4 ሊወርድ ይችላል፣ ያን ጊዜ ለሁለቱ 2 ኦም ማለት ነው። ኦሙ ባነሰ ቁጥር ስፒከሩ የሚስበው ከረንት ይበዛል፤ ድምፁን የሚያጎሉት ትራንዚስተሮች ሳይቃጠሉ መከላከያው ሪሌይ (በራሱ የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ ማጥፊያ) ይቆርጠዋል። «እሱ ራሱን ሲያድን አንተ ሰነፍ ትለዋለህ» አሉኝ።

«ቢ»ን ነቀሉና ያንኑ ዘፈን ከበፊቱ አስበልጠው ከፈቱት። ባሱ መታ፣ ደገመ፤ ቀጭ የሚል ነገር የለም። ቴስተራቸውን ጠቅልለው ተነሡ። 200 ዋቱስ ብላቸው ሣቁብኝ። ዕቃ መሸጥ እየቻሉ ሳይሸጡልኝ የሄዱት ያን ቀን ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ግን የሸክላ ማጫወቻ አገኘሁና እንደገና ደወልኩ። አሮጌው አምፕሊፋየር የሸክላ መግቢያ የለውም። በተራው መግቢያ ስሰካው ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል፤ ቀጭን፣ ባስ የሌለው። የሲዲ ማጫወቻ 2 ቮልት ያህል ሲሰጥ የተለመደው የሸክላ መርፌ የሚሰጠው 5 ሚሊቮልት አካባቢ ነው፤ በ400 እጥፍ ያንሳል። በዚያ ላይ ሸክላ ሲቀረጽ ባሱ ሆን ተብሎ ተቀንሶ ቀጭኑ ድምፅ ስለሚጨመር፣ ሲሰማ ያንን መልሶ የሚያስተካክል ክፍል ያስፈልጋል። ለብቻው በትንሽ ሣጥን መግዛት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን አሮጌው የግራ ድምፁም መጥፋት ጀምሮ ስለነበር አሁን መለወጡ ያስኬዳል አሉ።

ያገለገለ ዕቃ ፍለጋ አብረን ወጣን። ሦስቱን ጣሏቸው። የመጀመሪያው ምንም ሳይጫወት መውጫው ላይ 180 ሚሊቮልት ዲሲ (ወደ ስፒከሩ መድረስ የሌለበት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ) ቆሞበታል፤ ጤነኛ ሲሆን ከ50 በታች ነው የሚጠብቁት። ሁለተኛው ሲከፈት የትልልቆቹ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ክፍሎች) ራስ አብጧል። ሦስተኛውን እኔ ወድጄው ነበር፤ መልኩ ያምራል፣ 80 ዋት ነው፤ መመሪያው ግን ከ8 ኦም በታች እንዳይገጠምበት ይላል። አራተኛው የማያምር፣ ግን ሁለት ሰው ቢይዘው የሚመረጥ ከባድ ነው። በ8 ኦም 50 ዋት፣ በ4 ኦም 80 ዋት፤ ኦሙ ሲወርድ ከረንት የሚጨምር እንጂ የሚደክም አይደለም። ዲሲው 8 ሚሊቮልት። ቮሊዩሙ ሲዞር ይንኮሻኮሻል። ክዳኑን በካቻቢቴ ፈትተው ማጽጃ ፈሳሽ ረጩበት፣ ከዚያም ዓይናቸውን ጨፍነው በሁለት ጣታቸው ብቻ ቁልፉን ከዳር እዳር ደጋግመው አዞሩት። ኻያ ጊዜ ያህል ይሆናል። መጨረሻ ላይ ያለ አንዳች ኮሽታ ሲዞር ፈገግ አሉ።

በአንድ ነገር አልተስማማንም። እሳቸው ክላስ «ዲ» የሚባሉትን፣ ኃይሉን በከፍተኛ ፍጥነት እያበሩና እያጠፉ የሚሠሩትን አምፕሊፋየሮች አይወዱም፤ የማይከብድና የማይሞቅ ዕቃ ልባቸው አይቀበልም። የጓደኛዬ አንዲት ትንሽ «ዲ» ግን ኃይል ሳታባክን፣ ሳትሞቅ፣ ኩልል አድርጋ ታጫውታለች፤ እዚህ ላይ የተሳሳቱ ይመስለኛል። ከትራንዚስተር በፊት ድምፅ ያጎሉ ስለነበሩት አሮጌ የቫኩም ቱቦዎች ካነሣችሁባቸው ደግሞ ምሽቱ አለቀ በሉ።

አሁን አሮጌው አምፕሊፋየር ተጠግኖ ሌላው ክፍል የነበሩትን ስፒከሮች ለብቻቸው ያሠራል። የግራ ድምፁን ያጠፋው የሪሌዩ ንክኪ መዛግ ነበር፤ እሱንም አጽድተው ጨረሱት።

ጋሼ፣ ይህን ካነበቡት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሌሎቻችሁ ስትደውሉላቸው ስለ ዋት አትጀምሩ። ስፒከራችሁን አዙራችሁ ጀርባውን አንብቡና ወረቀቱን በእጃችሁ ይዛችሁ ደውሉ፤ ከዚያም ቀጠሮውን ሌላ ጉዳይ በሌላችሁ ቀን አድርጉት።