ማይክሮቲክ ኤችኤፒ ኤኤክስ ላይት ከወራት በኋላ፦ «ፐብሊክ አይፒ ከሌለህ አትድከም» ላላችሁኝ ሁሉ

ይሄን ራውተር ከገዛሁት ወራት አልፈዋል። ዋይፋዩ እንዴት ነው ለምትሉ ደህና ነው፣ ይሰራል፣ በቃ። እኔ መጻፍ የፈለግኩት ሌላ ነገር ነው። ደሴ የእማ ቤት ያለውን ራውተር ኮምቦልቻ ቁጭ ብዬ በስልኬ እየገባሁ አስተካክለዋለሁ፣ ያውም ከፊቱ ያለውን ሞደም ሳልነካ፣ ፐብሊክ አይፒ (ከውጭ ቀጥታ የሚደረስበት የኢንተርኔት አድራሻ) ሳይኖረኝ። ይሄ ነገር አይሆንም ተብዬ ነበር፣ አንድ ሰው ቢለኝ ምንም አልነበረ፣ የጠየቅኩት ሁሉ ነው አይሆንም ያለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤት የገባው ፋይበር መጀመሪያ የሚያርፈው የኢንተርኔት አቅራቢው የሰጠን ሞደም ላይ ነው። ሞደሙ ራሱ ራውተርም ዋይፋይም ነው ግን ሳሎን በር ጥግ ላይ ሰቅለውት ስለሄዱ ጓዳ ሲደርስ ትንፋሹ ያልቃል፣ ስለዚህ ማይክሮቲኩን በኬብል ከሞደሙ ጀርባ ቀጥዬ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሞደሙ ለማይክሮቲኩ በ192.168.1 የሚጀምር አድራሻ ይሰጠዋል፣ ማይክሮቲኩ ደግሞ ለቤቱ ስልኮች በ192.168.88 የሚጀምር ይሰጣል፣ ይሄ ከፋብሪካ ሲመጣም እንዲሁ ስለሆነ ሁለቱ አይጋጩም። ከቤት ወደ ውጭ ለመውጣት ችግር የለም። ከውጭ ወደ ቤት ለመግባት ነው ጣጣው፣ እንግዳ መጥቶ የሁለት ግቢ ዘበኛ ማለፍ አለበት፣ የመጀመሪያው ዘበኛ ደግሞ ውስጥ ሌላ ግቢ እንዳለ እንኳን አያውቅም።

የሸጠልኝ ልጅ ይሄን ስነግረው «አብሽር ወንድሜ፣ ፖርት ፎርዋርድ ታደርጋለህ አለቀ» አለኝ፣ ከውጭ የሚመጣውን ሞደሙ ወደ ማይክሮቲኩ እንዲያሳልፍ በር መክፈት ማለቱ ነው። እሺ ብዬ የሞደሙን ገጽ ከፍቼ የውጭ አድራሻውን ሳየው በ100.72 ይጀምራል። እዚህ ጋ ረጋ ብላችሁ ስሙኝ ምክንያቱም ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚበላው ይሄ ነው። ከ100.64 እስከ 100.127 ያለው አድራሻ በ2012 እንደ ፈረንጆቹ ለኢንተርኔት አቅራቢዎች ተብሎ የተለየ ነው፣ አንድን ፐብሊክ አይፒ ለብዙ ደንበኛ ሲያካፍሉ የሚጠቀሙበት። ሲጂኤንኤቲ የሚሉት እሱን ነው። ሞደማችሁ ላይ እንዲህ አይነት አድራሻ ካያችሁ ወይ ደግሞ ሞደሙ ላይ ያለው ቁጥርና ጉግል ላይ «የኔ አይፒ ስንት ነው» ብላችሁ የምታገኙት ቁጥር ከተለያየ፣ በሞደማችሁና በዓለም መሀል እናንተ የማትነኩት ሌላ በር አለ ማለት ነው። ሞደሙ ላይ መቶ ፖርት ብትከፍቱ እዛኛው በር ላይ ተመልሶ ይቀራል። ዲኤምዜድ ውስጥ አስገባው (ሞደሙ ከውጭ የሚመጣውን ሁሉ ወደ ማይክሮቲኩ ይላክ) ላለኝም መልሱ ያው ነው።

«ታዲያ ሞደሙን ብሪጅ አስደርገው» የሚሉም አሉ። ብሪጅ ማለት ሞደሙ ራውተርነቱን ትቶ መስመሩን ብቻ ያሳልፋል፣ አቅራቢው የሰጠህን የመገናኛ (ፒፒፒኦኢ) ዩዘርኔምና ፓስወርድ ማይክሮቲኩ ላይ ታስገባለህ፣ ጥሩ ነገር ነው፣ ፐብሊክ አይፒ ላለው ሰው እኔም እመክረዋለሁ። ግን ሲጂኤንኤቲ ውስጥ ያለ ሰው ብሪጅ ቢያደርግ ያ 100.72 የሚለው አድራሻ ከሞደሙ ወደ ማይክሮቲኩ ተዛወረ እንጂ ምን ተለወጠ? ከቤቱ ሁለት ዘበኛ አንዱ ቀነሰ፣ ትልቁ የአቅራቢው በር እዛው ነው። ቋሚ አይፒ ስጡኝ ብዬ ስጠይቅ ደግሞ እሱ ለድርጅት ነው ተባልኩ። የእማ ቤት ያለው ድርጅት ሦስት ዶሮ ነው።

እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጬ ነበር ማለት ይቻላል። ከዛ ነው ባክ ቱ ሆም የሚባለውን አፕ ያየሁት። ማይክሮቲክ በ2023 ራውተርኦኤስ በሚሉት የራውተሩ ሶፍትዌር 7.12 ላይ የጨመሩት ነገር ነው፣ ውስጡ ዋየርጋርድ የሚባል ቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ የተቆለፈ የግል መንገድ) ነው ግን ያን ሁሉ ቁልፍ መገልበጥ፣ አድራሻ መጻፍ የለበትም። መጀመሪያ እዛው ቤት ውስጥ ሆነህ፣ የቤቱ ዋይፋይ ላይ፣ አፑን ትከፍታለህ፣ የራውተሩን ዩዘርና ፓስወርድ ታስገባለህ፣ ቪፒኤኑን ራሱ ይሰራልሃል። ከዛ ሂድ የትም። ራውተሩ ፐብሊክ አይፒ ካለው ስልክህ ቀጥታ ያገኘዋል፣ ከሌለው ደግሞ ሁለቱም ወደ ማይክሮቲክ ሰርቨር ይወጡና እዛ ይገናኛሉ። ዋናው ነገር እሱ ነው፣ ራውተሩ ራሱ ነው ወደ ውጭ የሚወጣው፣ ማንም ከውጭ በር አያንኳኳም፣ ሞደሙም ሲጂኤንኤቲውም ወደ ውጭ የሚሄደውን አይከለክሉም። መሀል ያለው ሰርቨርስ አያየንም ወይ ለምትሉ ቁልፉ ያለው ስልኩና ራውተሩ ላይ ነው፣ ሰርቨሩ የተቆለፈውን እንደተቆለፈ ነው የሚያሳልፈው። ዞሮ ስለሚመጣ ቀጥታ እንደተገናኘ አይፈጥንም፣ ፊልም ለማየት አይደለም የገዛሁት።

የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ስደርስ ሞባይል ዳታ አብርቼ ሞከርኩት፣ 192.168.88.1 ብዬ ስጽፍ የእማ ቤት ራውተር ከች። ያላሰብኩት ደግሞ ሌላ ነው፣ 192.168.1.1 ስጽፍ የሞደሙም ገጽ ተከፈተ! ስልኬ በማይክሮቲኩ በኩል ስለሚያልፍ ለሞደሙ ልክ ጓዳ ውስጥ እንዳለ ሰው ነው የሚታየው። ያ ፊቱን ያጠቆረብኝ ሞደም ከጀርባው ገባሁበት ማለት ነው። ወላሂ የዛን ቀን የነበረኝ ደስታ ላፕቶፕ የገዛሁ ቀን አልነበረኝም። (አንድ ነገር፣ ያላችሁበት ቦታ ዋይፋይም በ192.168.1 የሚጀምር ከሆነ አድራሻው ሊጋጭ ይችላል፣ ያኔ ዳታ አብርታችሁ ግቡ።)

ምን ጠቀመህ ለሚለኝ። እማ ትደውላለች፣ «አንተ ልጅ፣ ኔቱ ሞቷል፣ እህትህ ስትደውል ፊቷ ተቆራረጠብኝ» ትላለች። ድሮ ቢሆን በስልክ «እማ ነጩን ገመድ ንቀይው፣ አይ እሱን አይደለም» እያልን ሁለታችንም እንበሳጭ ነበር። አሁን ገብቼ አየሁ፣ የእህቴ ልጅ ስልክ መስመሩን ብቻውን ይዞ ጌም ያወርዳል። ለሱ ስልክ ብቻ ገደብ አበጀሁለትና «እማ፣ አሁን ሞክሪ» አልኳት። ተስተካከለ። ትንሽ ዝም አለችና «እዛ ሆነህ እዚህ ያለነውን ታያለህ እንዴ?» አለችኝ። አይ እማ ሰው አያሳይም ብዬ ብምልም ከዛ ወዲህ ራውተሩ ላይ ዳንቴል ጣል ተደርጎበታል፣ ለጌጥ ነው ትላለች።

ሁሉን ይፈታል ብዬ ግን አልዋሽም። ሞደሙ ላይ ኤልኦኤስ የሚለው መብራት ቀይ ካበራ ፋይበሩ ነው የተቋረጠው፣ ያኔ አፑም ምንም አይሰራም፣ ለአቅራቢው ከመደወል ውጪ። እማም አሁን ለምዳዋለች፣ «ቀይ ነው» ካለችኝ ወደ አፑ አልሄድም።

መብራት ሲጠፋ ይሄ ራውተር በታይፕ ሲ በ5 ቮልት ስለሚሰራ ፓወር ባንክ ይይዘዋል፣ ይሄን ስገዛ ማንም አልነገረኝም፣ ሻጩም አያውቀውም መሰለኝ። ሞደሙ ግን 12 ቮልት ነው፣ ለሱ ሚኒ ዩፒኤስ ለብቻ ያስፈልጋል፣ ራውተሩ ብቻ ቢበራ ከማን ጋር ያወራል። ፓወር ባንኩንም ምረጡ፣ አንዳንዱ መብራት ሲጠፋ ለአፍታ ቀጥ ይልና ራውተሩ እንደ አዲስ ይነሳል።

አሁን ወደ ተናደድኩበት ልምጣ። ሌላ ባለሱቅ ይሄን ሁሉ ሳወራለት «ምን አደከመህ፣ ፐብሊክ አይፒ ላለው ሰው እኮ 8291ን ለውጭ መክፈት ነው፣ ከየትም በዊንቦክስ መግባት ነው» አለኝ (ዊንቦክስ ማይክሮቲክን የሚያስተካክሉበት ፕሮግራም ነው፣ 8291 ደግሞ የሱ በር)፣ ለደንበኛም እንደዛ ነው የሚሰራው አሉ። ወንድሜ፣ በ2018 እንደ ፈረንጆቹ ዊንቦክስ ላይ በተገኘ ቀዳዳ በዓለም ላይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ማይክሮቲኮች ተጠልፈው በነሱ በኩል ኢንተርኔት የሚጠቀመውን ሰው ኮምፒውተር ለሌባው ክሪፕቶ (የኢንተርኔት ገንዘብ) ያስቆፍሩ ነበር። ማስተካከያው ደግሞ በዛው ዓመት ሚያዝያ ላይ ወጥቶ ነበር፣ አፕዴት ያላደረገ፣ ያንን በር ለዓለም የከፈተ ነው የተበላው። ከፋብሪካ ሲመጣ ፋየርዎሉ ከውጭ የሚመጣውን የሚዘጋው ወዶ አይደለም። አንተ ልትከፍተው የምትቸኩለው ለምንድነው? የሰው ቤት እኮ ነው!

ዊንቦክሱ ራሱ ለጀማሪ ያስፈራል፣ ያ ሁሉ ሜኑ፣ እውነት ነው። ግን ከሩቅ የምትሰሩ ከሆነ ሴፍ ሞድ የምትለዋን ቁልፍ ሳትጫኑ ምንም አትንኩ። እሷ በርታ እያለ የቀየራችሁት ነገር መስመሩን ከቆረጠው ራውተሩ ራሱ ወደነበረበት ይመልሰዋል። እሷ ባትኖር አንድ የፋየርዎል መስመር ተሳስቶ ሐረጎን ሽቅብ መውጣት ነው። አፕዴት ደግሞ እማ ቤት በሌለችበት ሰዓት አላደርግም፣ ካልተነሳ ነቅሎ የሚሰካው ማነው።

በድጋሚ ትገዛዋለህ ወይ? ዛሬ ከጠየቃችሁኝ አዎ፣ ሁለት እገዛለሁ። መብራት ሲመላለስ በሚሰነብትበት ሳምንት ብትጠይቁኝ ሌላ መልስ ልሰጥ እችላለሁ፣ ግን ያ የራውተሩ ጥፋት አይደለም። ዋጋው ከተራው ራውተር ከእጥፍ በላይ ነው፣ 5 ጊጋኸርዝ ደግሞ የለውም፣ 2.4 ብቻ ነው፣ እሱ የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ ኤኤክስ ስኩዌር የሚሉትን ውሰዱ፣ እሱ ሁለቱም አለው። ለእማ ቤት ግን የጭቃ ግድግዳ ማለፍ የሚችለው 2.4ቱ ስለሆነ አልቆጨኝም።

ልትገዙ ከሄዳችሁ ካርቶኑን ራሳችሁ አንብቡ። ኤችኤፒ ላይት የሚባል ርካሽ አለ፣ ስሙ በሁለት ፊደል ነው የሚለየው፣ ፕሮሰሰሩ አርም የሚሉት ዓይነት ስላልሆነ ባክ ቱ ሆም አይሰራበትም። ሻጩ «ያው ነው» ካላችሁ ያው አይደለም።